የፈጠራ ወሬ ፓተንት የለውም

«ሀበሻ ምን ፈጠረ?» አልክ አሉ። ያውም ሽሮ ሜዳ መሃል፣ ያውም በሰው ሂሳብ ማኪያቶ እየጠጣህ። ፈጣሪ የለንም ካልክማ ፈጣሪ ይይልህ! ደሞስ አንተ መቼ ሰነፍክ? ወሬ ትፈጥር የለም እንዴ? ችግሩ ሕጉ ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። ያንተን ወሬ ሰፈራችሁ ውስጥ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል።

ነጠላ ልትገዙ የመጣችሁ፣ ጠጋ በሉ። ዋጋው የትም አይሄድም፤ ቢሄድም ወደ ላይ ነው።

«ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸምን ሰውና ፈጠራ ምንና ምን ናቸው?» አልክ። እሱ ጉድጓድ የገባው እግሩ መርገጫውን እንዲያገኝ ነው። አንተን ምን ከተተህ? እሱ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሥራው ዋሽንግተን ይደርሳል፤ አንተ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆነህ ሐሳብህ ቀጨኔን አይሻገርም። እሱ ድርና ማግ ያገናኛል፤ አንተ ባልና ሚስት ታለያያለህ። እሱ መወርወሪያ ይወረውራል፤ አንተ ነገር ትወረውራለህ። የሁለታችሁም ተመልሶ ይመጣል። የእሱ ጋቢ ሆኖ፣ ያንተ ይኸው ዛሬ እኔን ሆኖ።

እስቲ ጎንበስ በልና ወደ ሸማኔው ቤት ግባ። ጎንበስ ማለት ካቃተህ ምላስህን አስቀድመው፤ እሱ መታጠፍ ያውቅበታል። ጥግ ላይ የብስክሌት ቸርኬ ቆሟል። ጎማ የለውም፣ ኮርቻ የለውም፣ መሪ የለውም። እንጨት ላይ ተሰክቶ፣ እጀታ ተበጅቶለት፣ ዙሪያውን ገመድ ዞሮበታል። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቀሰም ይይዛል። አንዲት ሴት ቸርኬውን አንዴ ስታዞረው ቀሰሟ ብዙ ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ማጉ በላይዋ ይጠቀለላል። ትልቁ ጥቂት ይዞራል፣ ትንሿ ብዙ ትሠራለች፤ መሥሪያ ቤትህን አስታወሰህ አይደል? ብስክሌቱ ድሮ ጃንሜዳ ሲዞር የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ሽሮ ሜዳ ይዞራል። ከሜዳ ሜዳ! አንተም ስትዞር ነው የምትውለው፤ እስካሁን ግን አንዲት ክር አልጠቀለልክም።

«ይሄ ደሞ ፈጠራ ነው?» ብለህ ልትስቅ ነው። ሳቅህን ያዝ፣ ትፈልገዋለህ። ጆን ኬይ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1733 ፓተንት ያወጣው በምን ይመስልሃል? በሮኬት? በመወርወሪያ! (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጠራልህ ፈረንጅ ስለምትወድ ነው።) ከእጅ ወደ እጅ ትወረወር የነበረችውን መወርወሪያ ትንንሽ ጎማ አበጀላት፣ በገመድ ሳብ ሲያደርጋት ከዳር ዳር ተፈተለከች። ሰፊ ጨርቅ ለመሸመን ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ በቃ። ይኸው ነው። እንጨት፣ ጎማ፣ ገመድ። ያ ያከበርከው የኢንዱስትሪ አብዮት ሲመጣ ከፊት ከፊት እየሮጡ ከመጡት አንዷ ይህቺ ናት። እንጨት፣ ጎማና ገመድ እንግሊዝ ሲሆን አብዮት፣ ሽሮ ሜዳ ሲሆን ጉድ?

«ቢሆንም ፓተንት ያለው ሰው ሚሊየነር ነው» አልክ። ማን ነገረህ? ያ የሎተሪ አዟሪ ነው? የኬይን መወርወሪያ ሸማኔው ሁሉ ተቀበላት፤ ክፍያውን ግን ማንም አልተቀበለው። ጭራሽ እንደ እድር ተሰብስበው የተከሰሰውን አባል ወጪ ይሸፍኑለት ነበር። ኬይ ክስ ሲያበዛ ራሱ ከሳ፣ ከስሮም ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። አሜሪካዊው ኢላይ ዊትኒም በ1794 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ፓተንት አውጥቶ ገበሬው ሁሉ እየቀዳ ሠራበት፤ ያገኘው ገንዘብ ጠበቃ በላው። እናቶቻችን ያንን ጥጥ በብረት ዘንግ ድንጋይ ላይ ሲዳምጡ ኖረዋል። አንተ ጥጥ መዳመጡ ቢቀርብህ ሰው ማዳመጥ ምነው አቃተህ?

እህቴ፣ አንቺ ነጠላሽን በመርፌ ቁልፍ ያያዝሽው፣ አንዴ ዞር በይልኝ ይየው። ያቺን መርፌ ቁልፍ ዋልተር ሃንት የሚባል ሰው በ1849 ፓተንት አወጣባት። እንደሚባለው የ15 ዶላር ዕዳ ነበረበት፤ ቁጭ ብሎ ሽቦ ሲጠመዝዝ መጣችለት፣ መብቷን በ400 ዶላር ሸጦ ዕዳውን ከፈለ። አንተ ብድር ሲኖርብህ ስልክ ታጠፋለህ፤ እሱ ሽቦ አጠፈ። ሁለታችሁም አጣጣፊ ናችሁ፤ በእሱ ግን ዓለም ሁሉ ልብስ ይይዛል።

የስፌት ማሽኑንም ልንገርህ። ኤልያስ ሃው በ1846 ፓተንት አወጣ። ሲንጀር በ1851 የራሱን አወጣና ስሙን ማሽኑ ላይ ጻፈ። ሃው ከሰሰውና ረታው፤ ከየማሽኑ ድርሻ ያስከፍል ጀመር። ስሙን አንዱ ወሰደ፣ ሳንቲሙን ሌላው ለቀመ። እነሱ መስፊያ ሲፈጥሩ አንተ ምን ፈጠርክ? ቀደዳ። ዚፑን ደሞ ሰንድባክ የሚባል ሰው ነው በ1917 ያስመዘገበው። ዚፕ ካልኩ አይቀር፣ ያንተው ተከፍቷል። ላይኛውን ማለቴ ነው፣ አፍህ ጋ ያለውን።

አሁን ደሞ ወደ ቤት ወረድክ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አልክ። እውነት ነው፣ አያጣፍጥም። እንጨት ግን ይቆጥባል! ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ሸክም ወገባቸውን አጉብጦት በዚህ በፊትህ ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ታያለህ። ታያለህ እንጂ መንገድ አትለቅላቸውም። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀርጻ እዚሁ አገራችን የተሠራች «ምርጥ» የምትባል የእንጀራ ምድጃ አለች፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ስትነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ትቀንሳለች። ከሁለት ሸክም አንዱን ከጀርባ አወረደች ማለት ነው። አንተ ከማን ጀርባ ምን አወረድክ? ከሰው ጀርባ ሐሜት ከማውራት በቀር? ለከሰል ደግሞ «ላቀች» አለች። ምድጃዋ ላቀች፣ አንተ ዘቀጥክ። ምድጃዋ ጭስ ትቀንሳለች፣ አንተ ታጨሳለህ። የመጀመሪያዋን «ምርጥ» ያሏት እኮ አንተን ካዩ በኋላ ሳይሆን አይቀርም።

«ተወኝ በቃ፣ ፓተንት የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አልክ። ይቺን ነበር የጠበቅኩት። በልተህ የመጣኸው እንጀራ የምንድን ነው? የጤፍ። የጤፍን ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት በ2007 ማን ወሰደው? የሆላንድ ኩባንያ! አንተ እንጀራውን ትጠቀልላለህ፣ እነሱ ጤፉን ጠቀለሉት። ፓተንቱ እዚያው ሆላንድ ውስጥ ውድቅ የተደረገው በ2018 መጨረሻ ነው፤ የሄግ ፍርድ ቤት ‹ይሄ የፈጠራ ብልሃት የለበትም› አለ። ተከራክሮ የረታልን ማን መሰለህ? ለዳቦ ቤት ግብዓት የሚሸጥ ሌላ የሆላንድ ኩባንያ፤ ያውም ጤፉን እሱም ሊሸጥ ፈልጎ። ነጣቂውም ከሆላንድ፣ አስጣዩም ከሆላንድ። የእኛ ድርሻ ምን ነበር? ሽሮውን ማቅረብ።

እና አያገባንም ያልከው እኮ አግብቶን፣ ወልደን፣ ልናስተምር ነው። የአገራችን የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው፤ ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ አትደናገጥ። አዋጁ ትልቁን ፈጠራ ብቻ አይደለም የሚያየው። «አነስተኛ ፈጠራ» የሚል ቦታ አለው። ለአንተ ዓይነቱ ትንሽ አሳቢ የተባለ እንዳይመስልህ፤ በነበረ ዕቃ ላይ ጠቃሚ ነገር ለጨመረ ብልህ ነው። ያ ቸርኬ እንዳለ አይመዘገብም፤ በየሸማኔው ቤት ያለ የጋራ ነው። ቸርኬው ላይ ክር ሲበጠስ ራሱን የሚያቆም ብልሃት የገጠመ ሰው ግን ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገባ።

ባለ ሱቆች፣ እናንተም አትሳቁ፣ ተራችሁ ደርሷል። አዲስ ጥለት አውጥታችሁ በር ላይ ትሰቅላላችሁ። ጎረቤት በስልኩ ፎቶ ያነሳል። ጥቂት ቆይቶ ያው ጥለት በማሽን ታትሞ ከቻይና ይመጣና ከእናንተው ሱቅ ፊት ለፊት በግማሽ ዋጋ ይሰቀላል። ከዚያ «ቻይና በላን» ነው። ቻይና ምን ታድርግ፣ ጠርታችሁ አጉርሳችኋት! ጥለታችሁን ሜዳ ላይ ጥላችሁ ማን ያንሳላችሁ?

ስለዚህ ያን ሰው ተዉትና ስሙኝ፤ እሱ ማኪያቶውን የሚከፍልለት እየፈለገ ነው። አዲስ ብልሃት ወይም አዲስ ንድፍ ያላችሁ፣ መጀመሪያ አመልክቱ፣ ከዚያ ስቀሉ። ማመልከቻውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው እዚሁ አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። አነስተኛ ፈጠራ 5 ዓመት ይሰጠውና ለሌላ 5 ይታደሳል። የኢንዱስትሪ ንድፍ፣ ማለትም የዕቃ ወይም የጨርቅ መልክ፣ 5 ዓመት ሆኖ ሁለቴ ይታደሳል። እዚህ የተመዘገበው እዚህ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ውጭ አገር ለምትሸጡበት እዚያው ማስመዝገብ ያስፈልጋል።