ስኳር የሌለበት ጣፋጭ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? ድሮ ይህን ስጠይቅሽ «ደኅና» ብለሽ ታልፊኝ ነበር፤ ስኳር ከያዘሽ ወዲህ ግን መልስሽ ሁሉ ቁጥር ሆኗል። ስልኩን ገና ሳነሳው «ጠዋት 160፣ ማታ 210» ስትይኝ የሎተሪ ዕጣ የምታነቢልኝ ይመስለኛል።

«አሜሪካ ምን ይጠፋል፣ ስኳር የሌለበት ጣፋጭ ላክልኝ» ብለሻል። እውነትም አይጠፋም። እዚህ ጣፋጩም ማምለጫውም ጎረቤታሞች ናቸው። መንገዱ ካልተዘጋ ከቤቴ አንድ ሰዓት የማትሞላ ባልቲሞር የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆቹ 1879 ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት እዚያ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ውሎ፣ እጁን በደንብ ሳይታጠብ ለራት ቀረበ። ዳቦው ማር ማር አለው፤ ሳካሪን የተባለው ስኳር አልባ ማጣፈጫ የተገኘው እንዲህ ነው። እማዬ ብትሰማ ግኝቱን ትታ ስለ እጁ ነበር የምትቆጣው። በዚያችው ከተማ በ1886 ፈጅ የሚሉት ጣፋጭ አንዱ ፓውንድ በ40 ሳንቲም ይሸጥ እንደነበር፣ የቫሳር ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ኤመሊን ሃርትሪጅ በደብዳቤ ጽፋለች። ራሷም በ1888 ለኮሌጇ 30 ፓውንድ ሠርታለች። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ፈጅ ነው።

ፈጅ ስኳር ከወተትና ከቅቤ ጋር ፈልቶ፣ በረድ ሲል እየተማሰለ የሚረጋ ነገር ነው። ከ100 ግራሙ ከ70 በላይ የሚሆነው ስኳር ነው፤ ልስላሴውም የሚመጣው ከደቃቁ የስኳር ቅንጣት ነው። ስለዚህ ስኳሩን ስታወጪ ጣዕሙ ብቻ ሳይሆን ቁመናውም አብሮ ይሄዳል።

ገዝተህ ላክ እንዳትይኝ። ፊቱ ላይ «ስኳር የለውም» ተብሎ በትልቁ የተጻፈው ፓኮ፣ ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል ማልቲቶል ይላል። ይህ ማጣፈጫ ደግሞ እንደ ስኳር ባይሆንም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ሲበዛም ሆድ ያስሮጣል። አንድ የሠፈራችን ሰው «ለእኔ ቢጤ የተሠራ ነው» ብለው ፓኮውን ጨርሰው ሰርግ ሄዱ። ሙሽሮቹ ሲገቡ አልነበሩም፤ ኬክ ሲቆረስ አልነበሩም፤ ፎቶው ላይም የሉም።

ስለዚህ እቤት እሠራለሁ። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ኤሪትሪቶል የተባለውን የማጣፈጫ ዱቄት ነው። የደም ስኳርን የሚነካው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ግን ካልደቀቀ እንደ አሸዋ ይንቋቋል፣ አፍም ያቀዘቅዛል። ቡና ላይ ባቀርበው አንዲት ትልቅ ሴት «ልጄ፣ ቪክስ ነው የጨመርክበት?» አሉኝ። አሁን አሉሎስ ከተባለ ሌላ ማጣፈጫ ጋር አደባልቀዋለሁ። አሉሎስ ቶሎ አይጠጥርም፤ ጣፋጭነቱ ከስኳር 70 በመቶ ገደማ ነው። የዚህ አገር የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤትም በፈረንጆቹ 2019 ፓኮ ላይ ከስኳር ድምር እንዳይቆጠር ፈቅዷል።

አሠራሩ ከሽሮ ይቀላል። 115 ግራም ቅቤና 115 ግራም ስኳር ያልገባበት ቸኮሌት በሚተን ውሃ ላይ ታቀልጫለሽ። 225 ግራም የለሰለሰ ክሪም ቺዝ፣ 120 ግራም ያህል የደቀቀ ማጣፈጫ፣ ትንሽ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ጨምረሽ እስኪዋሐድ ትመቺዋለሽ። ትሪ ላይ አፍስሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ታሳድሪና 36 ቦታ ትቆርጪዋለሽ። ማጣፈጫውና አሰሩ ሳይቆጠር፣ አንዱ ቁራጭ 1 ግራም ቢሆን ነው ካርቦሃይድሬቱ። አንቺ ግን ንጥር ቅቤ እንዳታስገቢ! ኮረሪማና ኮሰረት የሸተተ ቸኮሌት ዶሮ ወጥ ያስናፍቅ እንደሆን እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ለጋውን ተጠቀሚ። በጾም ደግሞ የለውዝ ቅቤ፣ ካካዋና የኮኮናት ዘይት ይበቃሉ፤ የለውዝ ቅቤው ስኳር ያልገባበት ይሁን እንጂ።

«በማር ብሠራውስ? ማር እኮ ተፈጥሮ ነው» እንደምትይ አውቃለሁ። ከ100 ግራም ማር 80 ግራሙ ያህል ስኳር ነው። ንቧ ስለሠራችው ቆሽትሽ አያዝንልሽም፤ ብርዝም ያው ነው። ቅቤው ስለበዛ ፈጁም ቢሆን በቀን አንድ ሁለት ቁራጭ እንጂ በሳህን አይቀርብም።

አሁን ቀልድ የሌለበትን ልንገርሽ። ኢንሱሊን ተወግተሽ ምግብ ካሳለፍሽ፣ ላብ ላብ ካለሽ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠና መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ይህን ፈጅ እንዳትነኪው፤ አያነሣሽም። ያኔ የሚያስፈልግሽ 15 ግራም እውነተኛ ስኳር ነው፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጠሽ ጠጪና ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኪ። ለዚህ የምትሆን ስኳር ከራስጌሽ አስቀምጪ፤ ባለቤትሽ ሻዩ ውስጥ እንዳይጨምራት ደብቂያት።

ማጣፈጫውን ለፋሲካ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። አንቺም በመልሱ ሽሮና ቋንጣ እንዳትረሺ።

ወንድምሽ

ድጋሚ፦ እዚያ ሱቅ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ብታገኚ ተዪው። ለሰው ባይከፋም ውሻ ይገድላል። ጅብ ያልደፈረውን ውሻችሁን በከረሜላ እንዳትጨርሱት።