ያቃጥላል፣ ትችይዋለሽ?

ተረት ተረት። የመሠረት።

ኮሪያውያን ተረት ሲጀምሩ «ነብር ፒፓ ያጨስ በነበረበት ዘመን» ይላሉ። ይህኛው ግን ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በኮሪያ ምድር፣ ቹንቾን ከተባለችው ከተማ አጠገብ፣ ከሶያንግ ወንዝ ዳር አንዲት የአራዊት መንደር ነበረች። የመንደሯ ባለ ገበታ እማማ ድብ ናቸው። እጃቸው የተባረከ ነው። ዶሮውን በጎቹጃንግ አሽተው፣ ከጥቅል ጎመንና ከስኳር ድንች ጋር በሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ሲያገላብጡት ሽታው ወንዙን ተሻግሮ ይጣራል። ዳክጋልቢ የሚሉት ምግብ ነው፤ የቹንቾን ስም በሰፊው የሚነሳው በእሱ ነው። ጎቹጃንግ ደግሞ ከበርበሬ ዱቄት፣ ከሩዝና ከተብላላ አኩሪ አተር ተሠርቶ በሸክላ ጋን የሚቆይ ድልህ ነው። የእኛ አገር ሰው ቢቀምሰው ጣፋጭነቱ ይገርመው ይሆናል እንጂ ቀለሙ አያስደነግጠውም።

እማማ ድብ እንግዳ ይወዳሉ። እንግዳ መምጣቱን የምታበስረው ካቺ ነበረች፤ ጥቁርና ነጭ ላባ ያላት፣ ጠዋት ደጅ ላይ ከጮኸች ደስ የሚል እንግዳ ይመጣል ተብሎ የሚታመንባት ወፍ። ካቺ ግን ማብሰሩ ብቻ አልበቃትም። እንግዳው ገና ወገቡን ሳያሳርፍ ፊቱ ላይ ታርፍና «ያቃጥላል፣ ትችለዋለህ?» ትላለች። እችላለሁ ካለ መንደሩ ሥራውን ትቶ አፉን ያያል። ከዋጠ ይጨበጨባል። ካሳለው «ውሃ! ውሃ!» ይባላል፣ ቀዩ ሳህን ይነሳና ነጭ ሩዝ ይቀርብለታል።

በየክረምቱ ከሳይቤሪያ የምትመጣ አንዲት ዝይ ነበረች። እሷንስ ካቺ አልጠየቀቻትም። ከበረዶ አገር የመጣች በርበሬ የት ታውቃለች ተባለና ሩዝና እንቁላል ብቻ ቀረበላት። አንድ ቀን ሰው ሳያያት ከቀዩ ሳህን ጎረሰች፤ ምንም አልሆነችም። መንደሩ ይህን ሲሰማ ጉድ አለ። ከዚያ ወዲያ በጎረሰች ቁጥር ይጨበጨብላት ጀመር። ክረምት በክረምት ላይ ቢደራረብም፣ ጫጩቶቿ አድገው የራሳቸውን ጫጩት ይዘው ቢመጡም፣ ጭብጨባው እንደ መጀመሪያው ቀን ነበር። ዝይቱ ስለ በረዶው፣ ስለ ረጅሙ መንገድ፣ በመንገድ ስለቀሩት እህቶቿ ማውራት ፈልጋ ነበር። የሚጠይቃት አላገኘችም።

ከታይላንድ የመጣው ዝሆንም ሳይጠየቅ አለፈ፣ በተቃራኒው ግምት። አገሩ ሙቅ ነው፣ ወጡ እሳት ነው ተባለና ከሁሉ የቀላው ሳህን ፊቱ ተቀመጠ። ዝሆን ደግሞ በርበሬን የሚሸሽ ፍጡር ነው፤ በእስያም በአፍሪካም ገበሬዎች ማሳቸውን ከእሱ ለመከላከል በርበሬ የተቀባ ገመድ ይዘረጋሉ። አስተናጋጆቹን ላለማሳፈር ዋጠው። እንባው ወረደ። መንደሩም «አገሩ ትዝ ብሎት ነው» አለ። በማግስቱ ምሳ ላይ አልታየም፤ ከተራራው ጀርባ ብቻውን ቅጠል ይሸመጥጥ ነበር።

በመጨረሻ የመጣችው ጦጢት ናት፣ ከኢትዮጵያ። ያደገችው ማረቆ በርበሬ በሰሌን ላይ ከሚሰጣበት ቤት ጣራ ላይ ነው፤ ሚጥሚጣ ገና በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው የቀመሰችው። ቹንቾን የመጣችውም ያለ ነገር አይደለም። በ1951 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአገሯ ልጆች፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች፣ ባሕር ተሻግረው ለዚህች ምድር ተዋግተዋል። በጦርነቱ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ቹንቾን በ1968 አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የመታሰቢያ ሐውልት አቁማላቸዋለች፣ በአቅራቢያውም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ ቡና ቤት አለ። ጦጢት ሐውልቱን ልታይ መጥታ፣ አገሩን ወዳ ቀረች።

«ያቃጥላል፣ ትችይዋለሽ?» አለቻት ካቺ።

«እችላለሁ» አለች ጦጢት። በላች። ተጨበጨበ። በማግስቱም ተጠየቀች፣ በሳምንቱም፣ በወሩም። እሷው ራሷ ለእማማ ድብ በርበሬ እያመጣች፣ እሷው እየወቀጠች፣ ሳህኑ ሲቀርብ ትጠየቃለች።

እዚህ ላይ ተረቱን ላቁምና የሚሰማኝን ልናገር። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ ፍቅር ነው። እንግዳ አቃጥሎ ማስነባት የማይፈልግ ባለ ቤት ይጠይቃል፤ ሊጠይቅም ይገባዋል። ጥያቄው በዓመቱም ሲደገም ግን ስለ ምግብ መሆኑ ይቀራል፤ «ገና ደጃፍ ላይ ነሽ» የሚል መልእክት ይሸከማል። ጭብጨባውም ያው ነው። ለገዛ ልጅ ራት ስለበላ አይጨበጨብለትም።

ኅዳር ገባ፣ የኪምጃንግ ወቅት ደረሰ። ኪምጃንግ ማለት ለክረምቱ የሚበቃ ኪምቺ በአንድ ላይ ተሰብስቦ የሚዘጋጅበት ደቦ ነው። ጥቅል ጎመኑ ተሰንጥቆ በጨው ሲዘፈዘፍ ያድራል፣ ጠዋት ታጥቦ ይንጠፈጠፋል፤ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የተከተፈው ፍጅልና በጨው የተብላላው ትንሽ ሽሪምፕ ተለውሶ በእያንዳንዱ ቅጠል መሐል በእጅ ይቀባል። ጎረቤት ከጎረቤት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ሲቀባ ይውላል፣ ወሬው አያልቅም። እየቀቡም ትኩሱን ቅጠል ጠቅልለው እርስ በርስ ይጎራረሳሉ። ጦጢት ጉርሻውን ስታይ ዐይኗ ተንከራተተ፤ መሐላቸው ተቀምጣ ስትቀባ ብትውልም ያጎረሳት ግን አልነበረም። ሁሉም ጠቅልሎ ወደ እሷ ሲዞር እጁ መንገድ ላይ ይቆምና «ያቃጥላል…» ይጀምራል።

ውሃ ልትቀዳ ወደ ጓሮ ስትዞር ትንሹን ድብ አገኘችው፣ የእማማ ድብን የልጅ ልጅ። ጣሳ ውስጥ ኪምቺ ነክሮ በርበሬውን እያጠበ ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አላት፤ ጆሮው ተንቀጠቀጠ።

«ምኑን ነው የምነግረው?»

«እንደሚያቃጥለኝ። እኔ እኮ ድብ ነኝ።»

«ድብ ብትሆንስ?»

«ያኔ በጥንት ጊዜ ድብና ነብር ሰው እንሁን ብለው ለመኑ። ሃያ ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና መራራ ቅጠል ተሰጣቸው፣ ዋሻ ገብታችሁ መቶ ቀን ይህን ብቻ ብሉ ተባሉ። ነብሩ አልቻለም፣ ወጥቶ ሄደ። ድቧ ቻለች፣ ሴት ሆነች፣ የአገሩን የመጀመሪያ ንጉሥ ወለደች። አያቴ ሁልጊዜ ነው የምትነግረኝ። እኔ ኪምቺ ካልቻልኩ የማን ዘር ነኝ?»

ጦጢት አጠገቡ ተቀመጠች። «እኛም አገር ይጠየቃል» አለችው። «ሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ወጥ ሲጎርስ ከብበን እናየዋለን። አንድ ጊዜ አንዱን ‹በርበሬ ትችላለህ?› እያልኩ ሰፈር ሰብስቤ አስቄበታለሁ። ያኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።»

ካቺ ከቅርንጫፍ ላይ ሰማች። መስማትና መጮኽ ለእሷ አንድ ነው። «ድብ ኪምቺ አጠበ! ድብ ኪምቺ አጠበ!»

እጅ ሁሉ ቆመ። ትንሹ ድብ ጣሳውን ከኋላው ደበቀ። እማማ ድብ ፊታቸው ከለወሱት በርበሬ ይበልጥ ቀላ፤ ንዴት ነው እንዳይባል ዐይናቸው ውሃ አቅርሯል።

ያን ጊዜ ከወንዙ ዳር አባባ ኤሊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸው ከአራት መቶ ያለፈ ነው፣ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው የለም።

«እኔ ስወለድ ኪምቺ ነጭ ነበር» አሉ። «በርበሬ የሚባል ነገር አናውቅም። ከአሜሪካ ምድር ተነሥቶ፣ በመርከብ ባሕር ለባሕር ዞሮ፣ በጃፓን በኩል ነው የደረሰን። በ1614 ዪ ሱግዋንግ የተባለው ሊቅ በመጽሐፉ ብርቱ መርዝ አለው ብሎ ጻፈበት፤ መጠጥ ቤት ከአረቄ ጋር ቀላቅለው የጠጡት ብዙዎቹ ሞቱ ተባለ። የጃፓን ሰናፍጭ እንለው ነበር። ዛሬ የእኛ ነው ለማለት የምንመዝንበት እሱ ሆነ። ጦጢት፣ ለእናንተስ?»

«ለእኛም ከዚያው ከአሜሪካ ነው የመጣው አሉ።»

«አየሽ፣ እንግዲያው በአንድ እንግዳ ነው የምትፈታተኑት።» አንገታቸውን ወደ ቅርንጫፉ አቀኑ። «አንቺ ካቺ፣ ወፍ ነሽ። የወፍ አፍ የበርበሬን ቃጠሎ አያውቅም፤ በትውልድ አገሩ ዘሩን የምትበትኑለት እናንተ ወፎች ናችሁ። ዝይቱም ስለማይሰማት እንጂ ጀግና ስለሆነች አይደለም። አንድ ቀን ሳያቃጥልሽ ነው ስንቱን ደጃፍ ላይ ያቆምሽው።»

ካቺ ክንፏን ሰበሰበች።

«እኔ እኮ» አሉ እማማ ድብ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «እንግዳዬ እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ነበር። ልጁም የአባቶቹን እንዳይረሳ ብዬ።»

«አውቃለሁ» አሉ አባባ ኤሊ። «ክፋት ያለበት ሰው አይጠይቅም። ግን እስቲ ያ ከዋሻ የወጣው ነብር፣ ከአገር አባረርነው? በየግድግዳችን የሳልነው እሱን አይደለም? በ1988 ሶል ላይ ኦሊምፒክ ስናዘጋጅ ለዓለም ያሳየነው ምልክት ነብር አይደለም? ፈተናውን የወደቀው እንኳ የእኛ ሆኖ ቀርቷል። ደግሞ ይቺ ጦጢት…» ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ። «የአገሯ ልጆች ሲመጡ ከዚህ በስተ ሰሜን ያለው ሸንተረር ሁሉ ይነድ ነበር። ወንዙ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ያኔ ያቃጥላል፣ ትችሉታላችሁ ብሎ በር ላይ የጠየቃቸው አልነበረም።»

ማንም አልተናገረም። እማማ ድብ ተነሡ። ከተንጠፈጠፈው ጎመን ግማሹን ለይተው በሌላ ገበታ አኖሩ፤ ፍጅል፣ ዝንጅብል፣ የተከተፈ ፒር፣ ጥቂት ቼስትነት የሚባል ፍሬ ጨምረው ያለ በርበሬ በጨው ውሃ ነከሩት። ሲመለሱ ከቀዩ አንድ ወፍራም ቅጠል ጠቅልለው ምንም ሳይሉ ጦጢትን አጎረሷት። ጉንጯ ሞላ። ያጨበጨበ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱን ይቀባል። ዝይቱ ስለ ሳይቤሪያ መንገድ ማውራት ጀመረች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ጥንቸል «ከዚያስ?» ትላታለች።

ዝሆኑን ፍለጋ ወደ ተራራው ጀርባ የሄደችው ካቺ ናት። ነጩ ኪምቺ ተብላልቶ እስኪደርስ ጥቂት ቀን ፈጀ። በደረሰ ቀን ዝሆኑ ኩምቢውን ጋን ውስጥ ሰዶ ባዶ አገኘው።

«ነጩ አልቋል እንዴ?»

«እኔ በላሁት!» አለ ትንሹ ድብ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማ። «ሁሉንም!»

«አይ አንተ ሆዳም» አሉ እማማ ድብ፤ «በል ጎመን አምጣ፣ ዛሬ ማታ ሌላ እንዘፍዝፍ። ዝሆንዬ፣ አንተም ጨው ያዝለት።»