አፉ ኪሎዋት፣ ጆሮው ባዶ

ገርጂ መብራት ኃይል፣ ጀበና ቡና የምንጠጣባት በረንዳ ላይ አንድ ወዳጅ አለን። እንጀራው ሕንፃ ነው፣ ሱሱ ሬዲዮ። ሰሞኑን ስኒውን ቁጭ አደረገና «ለአማተር ሬዲዮ የሚሆን ማጉያ ልሠራ ነው፤ ባለ ትራንዚስተር፣ 1,000 ዋት» አለ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ በረንዳ ተነግሮ በሰላም አያልፍም።

«ሰፈርህ መብራት ኃይል ስለተባለ ትራንስፎርመሩ የግልህ መሰለህ?»

«የእናንተ ቤት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይበላ የለም እንዴ? የእኔ ግማሹን ቢበላ ነው።»

«ምጣዱ እንጀራ ያወጣል። ያንተስ?»

«1,000 ዋት ያወጣል አልኩህ እኮ!»

«የሚገባውን ነው የጠየቅንህ።»

እዚህ ላይ ቡናውን ማማሰል ጀመረ፤ ሒሳቡን እኔ ሠራሁለት። እንዲህ ያለ ማጉያ በአጭር ሞገድ ላይ ከሚገባው ኃይል 60 በመቶ ገደማውን ነው ወደ አንቴና የሚያሳልፈው። 1,000 ዋት እንዲወጣ 1,700 ዋት ያህል ይገባል፤ በ50 ቮልት 34 አምፔር መሆኑ ነው። የቀረው 700 ዋት ርዝመቷ 4 ሳንቲሜትር ገደማ በሆነች አንዲት ትራንዚስተር ላይ ሙቀት ሆኖ ይከመራል።

«ፋን አደርግለታለሁ።»

«ፋኑ የየትን አገር አየር ሊነፋ? የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየራችን ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ይሽከረከራል፣ ያው ይጮኻል፤ የሚያነሣው ሙቀት ግን ያንሳል። አውሮፕላን እንኳ ከቦሌ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ያንተ ትራንዚስተር ማን ስለሆነ ነው?»

ለሐቁ ሲባል ግን፣ ነገሩ ቅዠት አይደለም። በድሮው ባለ መስታወት ቫልቭ ማጉያ ውስጥ 3,000 ቮልት አድፍጦ ይጠብቅህ ነበር፤ ከነካኸው ለተረብም አትተርፍ። ዛሬ ቢኤልኤፍ188ኤክስአር የሚባለው አንድ ትራንዚስተር ብቻውን በ50 ቮልት እስከ 1,400 ዋት ይችላል። የሚገድለው ኪስህን ነው። ቫልቭ ሲበድሉት ቀይ ሆኖ ያስጠነቅቃል፣ ይታገሣል። ትራንዚስተር አያስጠነቅቅም፤ አንተ «ምን ሸተተኝ» ስትል እሱ ሄዷል።

«ፋብሪካው አንቴናው 65 ለ 1 ቢዛነፍም ይችላል ብሎ ጽፏል» አለኝ፣ ስልኩን እያሳየ።

«ፋብሪካው የለካው በአጭር በአጭር ምት፣ በመካከሉ እያሳረፈ ነው። አንተ የምታወራው እንደ ሎተሪ አዟሪ ሞንታርቦ ሳታርፍ ነው!»

ሙቀቱን የሚሸከመውን መዳብ ከምናለሽ ተራ ገዝቶት ነበር፤ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ጥሩ ቁራጭ። ፌስታሉን ከፍቶ አሳየን፤ ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ መስታወት አስመስሎታል። «ትራንዚስተሩን እዚህ ላይ በመበየጃ በእስታኞ አጣብቀዋለሁ» አለ። አይሆንም። ያን የሚያህል መዳብ የመበየጃውን ሙቀት ውጦ ዝም ይላል። መዳቡ ራሱ ምድጃ ላይ ተቀምጦ እስታኞ እስኪቀልጥ ድረስ ይግላል፤ ያኔ ትራንዚስተሩ ይቀመጣል፣ በመቆንጠጫ ግራ ቀኝ ይባላል፣ ከታቹ የታሰረው አየር እንዲወጣ በቀስታ ይጫናል፣ ከዚያ እሳቱ ይጠፋል። የጥፍር ያህል የአየር ኪስ ከቀረ፣ ያቺ ቦታ ትግልና መጀመሪያ ትሄዳለች። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠው ትራንዚስተር ብዙ ጊዜ አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ስነግረው ደግሞ «እኔ ከታማኝ ሰው ነው የማስመጣው» አለ። ታማኙ ሰው በሻንጣ የሚያመጣ ዘመድ ነው። አገሩ ቱሪስት ወፍ ሊያይበት ያመጣውን ባይኖኩላር ቦሌ ላይ አስረክቦ የሚገባበት አገር መሆኑን ዘመድየው ሰምቶ ከሆነ እንጃ።

«ፊልተሩንስ?»

«እሱን በኋላ እጨምረዋለሁ።»

«በኋላ ማለት ከማን በኋላ? ከፖሊስ?»

ሌላው ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ አይደለም። እንዲህ ያለ ማጉያ ያለ ፊልተር ሲሠራ በሦስት እጥፍ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚረጨው ከዋናው አንድ አሥረኛ ያህል ሊደርስ ይችላል። ሌሎቹም እጥፎች አሉ፤ የ28 ሜጋኸርትዝ አራት እጥፉ 112 ነው። ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርትዝ ያለው ደግሞ አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያ ሲቀርቡ መንገድ የሚያገኙበት መስመር ነው፤ እኛ ያለነው ከማኮብኮቢያው ጥቂት ኪሎሜትር ላይ። በ51.05 ሜጋኸርትዝ ካወራ ደግሞ እጥፉ 102.1 ላይ ይወድቃል። ሸገርን ከፍቶ የሚነዳ የታክሲ ሹፌር፣ በጨዋታው መካከል የዚህን ሰውዬ ጉርምርምታ የመስማት ምን ዕዳ አለበት?

«እናንተ ክፋታችሁ!» አለ። «ብሥራተ ወንጌል በ1955 ዓ.ም. በ100 ኪሎዋት ማሰራጫ ሲጀምር ማን ምን አለው?»

«እሱ እኮ የሚናገር እንጂ የሚሰማ ጣቢያ አልነበረም። አንተ ጨዋታ ነው የምትፈልገው፤ ጨዋታ ጆሮ ይፈልጋል።»

የእኔ ነገር እዚህ ላይ ነው። አሁን 100 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ ቢኖርህ ወደ 1,000 መዝለል 10 ዴሲቤል ነው። በተቀባዩ ሜትር አንዷ የኤስ ደረጃ 6 ዴሲቤል ናት። ያን ሁሉ መዳብ፣ ያን ሁሉ አምፔር ከፍለህ ሁለት ደረጃ እንኳ አልሞላህም። ባለ ሦስት ዘንግ አንቴና ጣሪያ ላይ ብትሰቅል የዚያን ግማሽ ያህል ታገኛለህ፤ ቆጣሪው ሳይነቃነቅ፣ ለመናገርም ለመስማትም። መስማቱ ነው ችግሩ። በገርጂ ኮንዶሚኒየሞች መካከል የስልኩ ቻርጀር፣ የኤልኢዲው አምፖል፣ የሊፍቱ ሞተር ሁሉም በአንድ ላይ ያፏጫሉ። በ1,000 ዋት ጠርተህ፣ ጃፓን ሲመልስልህ የሚሰማህ የጎረቤትህ ቻርጀር ነው።

ደግሞስ ለማን ብሎ ነው የሚጮኸው? አምስት ኪሎ፣ በቀድሞው አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» ብሎ ብቅ ሲል የሚሆነውን ጠይቁ። ኢቲ የኢትዮጵያ መጠሪያ ናት፤ በአየር ላይ የምትገኘው ደግሞ አልፎ አልፎ ነው። ዓለም ላይ አገር የሚሰበስቡ አማተሮች እሷን ከሰሙ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ይጠራሉ። ለአሜሪካዊው አማተር ሕጉ የፈቀደለት 1,500 ዋት እንደ እኛ ያለውን ለማግኘት ሲጋፋ ያግዘዋል። እኛ ተጋፊ አይደለንም፤ የሚጋፉብን ነን። ማጉያችን መጠሪያችን ናት፣ መብራት ሲሄድም አትጠፋም።

«መጠሪያውንስ ከየት ልታመጣ ነው? ፈቃድ አለህ?» አለው ሌላው ወዳጃችን። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድ ጉዳይ የእኔ ነው ያለ መሥሪያ ቤት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«መጀመሪያ ይሠራ፤ ከዚያ እጠይቃለሁ።»

«ሽማግሌ ሳትልክ ድንኳን ተከልኩ በለኛ!»

በረንዳው ሳቀ፤ ቡና ቀጂዋም ሳቀች። እሱ ግን መዳቡን ቀስ ብሎ ፌስታሉ ውስጥ መለሰና ወደ እኔ ዞረ።

«ለመሆኑ አንተ ይሄን ሁሉ የምታውቀው ስንት ማጉያ ሠርተህ ነው?»

«አንድም።»

«ለዚህ ነዋ አንድም ያልተቃጠለብህ!»

የሦስታችንንም ቡና ከፈልኩ።