ከመንገዱ ማዶ

ናይሮቢ ላይ ዝናብ ሲጥል ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ከኢስሊ ሰፈር የተሳፈርንበት መሀል ከተማ ሳይደርስ መንገዱ ተዘጋና ረዳቱ ሁላችንንም አራግፎን ተመለሰ። አብረውኝ ያሉት ጋሼ ጎጃም ውስጥ በአናጢነት ያረጁ ሰው ናቸው፤ ኖርፎክ ሆቴልን ላሳያቸው ቃል ገብቼ ነው የወጣነው። ጎርፍ እየዘለልን፣ ጃንጥላችንን ነፋስ እየገለበጠው ሃሪ ቱኩ መንገድ ስንደርስ ልብሳችን ይጨመቅ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሆቴል አይገባም፤ ፊት ለፊት ካለው ብሔራዊ ቴአትር ሥር ተጠለልን። ደግ ሆነ፤ የቤት ፊት ደህና የሚታየው ከማዶ ነው።

በነጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር እንጨት ቁልቁልና አግድም ተሰድሯል፤ ቁርጥ የእንግሊዝ ገጠር መጠጥ ቤት። እዚያ አገር የጥንቱ መጠጥ ቤት በወፍራም የኦክ እንጨት ይዋቀራል፤ ቋሚና አግዳሚው በእንጨት ችንካር ይያያዛል፤ በመሀሉ ቀጫጭን እንጨት ተጠላልፎ ጭድና እበት የገባበት ጭቃ ይመረጋል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ፊታቸው በራ።

«የኛው ጭቃ ቤት ነዋ! ጭቃውን ስንት ቀን ያቦኩታል?»

ደግመው ወደ ማዶ አዩና፣ «ይሄኛው ግን ጌጥ ነው፣ ልጄ። ሸክሙ ያለው ግድግዳው ላይ ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ኖርፎክ በ1904 እ.ኤ.አ. በገና ዕለት ሲከፈት፣ የባቡር ሐዲዱ ናይሮቢ ከደረሰ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። እንጨቱ ለእንግሊዛዊው ሰፋሪ የአገር ቤት ናፍቆት የተለጠፈ ነው።

ስለ ኖርፎክ የሚያወራ ሁሉ ከእንጨቱ ይጀምራል፤ እኔ ከበረንዳው ይጀመር ባይ ነኝ። የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ጠጪውን ወደ ውስጥ፣ ወደ እሳቱ ይሰበስባል። የኖርፎክ በረንዳ ግን ሰፋሪውን ወደ መንገዱ አዙሮ አስቀመጠው። መጋቢት 16 ቀን 1922 እ.ኤ.አ. መንገዱ በስሙ የተጠራለትን የፀረ ቅኝ አገዛዝ ታጋይ፣ የሃሪ ቱኩን መታሰር የተቃወመ ሕዝብ እዚሁ አጠገብ ከነበረው ፖሊስ ጣቢያ ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት አንዷ ሙቶኒ ኛንጂሩ ወንዶቹን ገሥጻ ሕዝቡን ወደፊት ስትመራ ፖሊስ ተኮሰ፤ እሷም ወደቀች። በበረንዳው የነበሩ ነጮችም አብረው እንደተኮሱ ተመስክሯል። መንግሥት የሞተው 21 ሰው ነው አለ፤ ሌሎች ቁጥሩ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል ብለዋል።

ይህን አወጋኋቸው። ዝናቡ ሲያባራ ጋሼ አስፋልቱን በእርምጃ እየለኩ ተሻገሩ፤ ዞር ብለውም የመጡበትን አዩ።

«ይሄማ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ነው» አሉኝ። «ፊት ለፊት እያዩዋቸው ነው የተኮሱት።»