ፎቶው ታሟል

የጤና ባለሙያው በአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠልጥን ይባላል። ይሠልጥን፣ ማን ጠላ! ጉግል የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የሚመረምር የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ሊቅ ወደ ታይላንድ ክሊኒኮች ልኮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጥናት መሠረት፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከቀረቡለት 1,838 ፎቶዎች 21 በመቶውን «ጥራት የላቸውም» ብሎ መለሰ። ሊቁ ጨለም ባለ ክፍል የተነሣ ፎቶ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ክሊኒኮች ግን የሚያጨልሙት ክፍል አልነበራቸውም። ኢንተርኔቱም እንደ ፈቃዱ ነበር። ፎቶው የተመለሰበት ታካሚ ስፔሻሊስት ዘንድ ይላክ ነበር፤ ዓይኑ ደኅና ሊሆን ይችላል፣ የታመመው ፎቶው ነው።

እንግዲህ ፎቶውን ለምታነሣው ነርስ ሥልጠና ሲዘጋጅ፣ የመጀመሪያው ስላይድ ስለ መጋረጃ ይሁን። ሁለተኛው «ማሽኑ ተሳስቷል» ብላ የምትሞላው ቅጽ የት እንደሚገኝ ያሳያት (ቅጹ ካለ ነው)። ሊቁ የሚሠራበት ነርቭ ኔትወርክ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይደርሳል።