አጼ ምኒልክ ለምን እምቢ አሉ?

አጼ ምኒልክ ጨዌን አልፈለጉም። ወርቅ ጨመርኩበት፤ አሁንም አልፈለጉም። ቡናቸውን ለማግኘት ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ፊታቸውን አጠቆሩና አይሆንም አሉ። ስንት እንደጎደለ፣ ምን እንዳስቀየማቸው አልነገሩኝም።

ይህ የሆነው ወሎ ውስጥ፣ መካነ ሰላም፣ አጎቴ ቤት፣ በአንድ የሰኔ ሌሊት፣ በእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ነው። ጨዋታው ሲቪላይዜሽን 6 ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አገር ይዞ፣ ተራ እየጠበቀ፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ይነግዳል፣ ይዋጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ገባችበት፤ መሪዋም አማርኛ የሚናገሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ከዚያ በፊት በአራተኛው ዘርዓ ያዕቆብ፣ በአምስተኛው ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። እኔ የያዝኩት ማሊን ነው፤ ወርቅ ሞልቶኛል።

መካነ ሰላም የደረስነው በመከራ ነው። ከደሴ ተነስተን ጉጉፍቱ ላይ የመኪናው ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም አየር አልነበረውም። የጉጉፍቱን ብርድ የማያውቅ ሰው ደጋ አውቃለሁ አይበል። ተሳፋሪው ከነጋቢው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ የእህቴ ልጅ ራሱን እንዳይበርደው ብሎ ይሁን ብርዱን ሊያስረሳኝ፣ ስለዚህ ጨዋታ ያወራኝ ጀመር። አቀስታን አልፈን መካነ ሰላም ስንገባ ጨልሟል። እራት እንደተበላ ላፕቶፑ ተከፈተ።

ምኒልክ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ፍለጋ ገጽ በገጽ ዞርኩ። በአንዱ ገጽ የወዳጅነታችን ዝርዝር ተጽፏል፤ አንዳንዱ መስመር ግን «ያልታወቀ ምክንያት» ይላል። ምክንያቱን ለማወቅ በ25 ወርቅ መልእክተኛ መላክ፣ ቆይቶም ኤምባሲ መክፈት ያስፈልጋል። እንዲህ እየቆፈርኩ ደረስኩበት። በዚህ ጨዋታ ምኒልክ ኮረብታ ይወዳሉ፤ ከተማቸውን ኮረብታ ላይ ይሠራሉ፣ ኮረብታ ላይ የሚሠፍርባቸውን ደግሞ አይወዱም። እኔ ሁለት ከተሞች ኮረብታ ላይ ቆርቁሬያለሁ። በደጋ ሰው ቤት ተቀምጬ ይህን ሳነብ ቁጣቸው በደንብ ገባኝ። ግን ይህ ሁሉ በንግዱ ገጽ ላይ በአንዲት መስመር ቢነገረኝ ኖሮ ሌሊቱ ባልነጋብኝ ነበር።

ስምምነቱም ቢሆን የሚቆየው 30 ተራ ነው። ያ ሲያልቅ ተጫዋቹ እንደገና ወደ እያንዳንዱ መሪ ሄዶ «ይህን ብሰጥ ምን ትሰጠኛለህ?» እያለ ይጠይቃል። ስምንት መሪ ካለ ስምንት ደጅ ይጠናል። ተጫዋቾች ራሳቸው ይህ ቢሰለቻቸው ኩዊክ ዲልስ የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርተው የሁሉንም መሪ ዋጋ በአንድ ገጽ አሰለፉት። ከባለቤቱ ኩባንያ ሊመጣ የሚገባው ነገር ከተጫዋቹ መምጣቱ ያሳዝነኛል። ይህን እያሰብኩ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፤ ወዲያው ተከተለ። ከምኒልክ ጋር የጀመርኩት ድርድርም አብሮ ጠፋ።

ሲነጋ አጎቴ በሬ ሊገዙ ገበያ ይዘውን ወጡ። ከጥንድ በሬዎቻቸው አንዱ ሞቶባቸው ነበር፤ ሰኔ ደግሞ እርሻን አይጠብቅም። ገበያውን ዞረው ሻኛው የቆመ አንድ ዳለቻ በሬ መረጡ። ጥርሱን አዩ፣ ጀርባውን ዳሰሱ፣ ወደ ባለቤቱ ዘወር አሉ።

«ስንት ይላሉ፣ አያ?»

ሽማግሌው ዋጋ ጠሩ። «ውረዱ» አሉ አጎቴ። «ይጨምሩ» አሉ ሽማግሌው። ደላላው የሁለቱንም እጅ ይዞ አንዱን ወደ አንዱ ይስባል። ልዩነቱ ጠቦ ጠቦ ሊገናኙ ሲሉ ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው፣ ገንዘቡ አነሰ?»

«ገንዘቡስ ደህና ነው። በሬው ከጎረቤቴ በሬ ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርስ። የሱ ማሳ ሳይዘራ ሸጬ ምን ዓይን ይዤ አየዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን አመጡት?»

«ቸግሮኝ። ዋጋውን ልስማ ብዬ።»

ደላላው አላመነታም። «እንግዲያው ቀብድ ይቀበሉ። ዘሩ ሲያልቅ በሬውን ያስረክባሉ፤ ቀሪው ያን ጊዜ ይከፈላል። ዋስ ይጥሩ» አለ። ነገሩ አለቀ ስንል ሰማዩ ተቀደደ። በረዶው እንደ ጠጠር ወረደ፣ ገበያው ተበተነ፣ በሬውም ገመዱን በጥሶ ሮጠ። እኔና የእህቴ ልጅ ጭቃ ለጭቃ ተከተልነው። አንድ የማናውቀው እረኛ ባይመልሰው ኖሮ ወደ ቆላው ወርዶ ነበር። ስንመለስ ሽማግሌው፣ አጎቴና ደላላው አንድ ሻይ ቤት ጣራ ሥር ቆመው ዋሱን ይጠብቃሉ። ዋሱ መጣ፣ ቀብዱ ተቆጠረ፣ ሽማግሌው በሬያቸውን ይዘው ወደ ጎረቤታቸው ማሳ ተመለሱ።

የጨዋታ ሠሪዎች ይህን ድርድር ቢያዩ እላለሁ። «አይሆንም» ከምክንያቱ ጋር መጣ። ከምክንያቱ አማራጭ ተወለደ። ርክክቡ ለሌላ ቀን ተላለፈ። በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቶ ኃላፊነት ወሰደ። በሲቪላይዜሽን 6 ወርቅ በየተራው መክፈል ይቻላል፤ ይህ መልካም ነው። ቀብድ ግን የለም፣ ዋስ የለም፣ «ዘሩ ሲያልቅ» የሚባል ቀጠሮ የለም።

ይህ ለበሬ ገበያ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በዚሁ በወሎ፣ አምባሰል ውስጥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣሊያን መካከል የውጫሌ ውል ተፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመስከረም 1882 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት ራስ መኮንን በምኒልክ ስም ጣሊያን አገር ተጨማሪ ውል ፈረሙ። በውሉ ውስጥ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረ፤ መያዣውም የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነው። እውነተኛው ምኒልክ በብድርና በመያዣ ይደራደሩ ነበር። የጨዋታው ምኒልክ ግን መያዣ ያለው ይህን ዓይነት ውል ማሰር አይችሉም። በስማቸው መሪ ከተሠራ የዲፕሎማሲያቸው ጥልቀትም አብሮ ሊሠራ ይገባል።

ምክንያትን ማሳየት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ሶረን ጆንሰን የመራው ሲቪላይዜሽን 4 እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ ሊሸጥ የማይችለው ዕቃ በቀይ ይጻፍ ነበር፤ ጠቋሚውን ሲያስጠጉበት መሪው ለምን እንደማይሰጥ ይናገራል። ያ መንገድ መስፋት ሲገባው ጠበበ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የወጣው ሰባተኛው ደግሞ በሰላም ጊዜ ወርቅና ዕቃ የሚለዋወጡበትን ጠረጴዛ ጭራሹን አንስቶ ዲፕሎማሲውን «ተጽእኖ» በሚባል አንድ መገበያያ ላይ አቆመው። ገጹ ቀለለ። ጨምር ቀንስ የሌለበት ዲፕሎማሲ ግን የክፍያ ደረሰኝ ነው የሚሆነው። አስቸጋሪ ጠረጴዛ ይጠገናል እንጂ አይነሳም።

ጥገናውም ሩቅ አይደለም። የሁሉም መሪ ትርፍ ዕቃና ዋጋ በአንድ ገጽ ይታይ። እምቢታ ከምክንያቱ ጋር ይምጣ፤ ምክንያቱ ምስጢር ከሆነም መሪው «አሁን አልነግርህም» ይበል። እምቢ ያለ መሪ የራሱን ሐሳብ ያቅርብ። ውል ሲያልቅ ጨዋታው ራሱ «ይታደስ?» ብሎ ይጠይቅ። ቀብድ፣ ቀጠሮና ዋስ ይግቡ፤ ቃሉን ያፈረሰ መሪን ዋሱም ጎረቤቱም ያስታውሱት።

ይህን ለመሥራት የውጭ ኩባንያ መጠበቅም አያስፈልግም። ቅኔ ጌምስ ገበጣንና ኩኩሉን ወደ ስልክ ጨዋታ አምጥቶ በአገር ልጅ እጅ ጨዋታ እንደሚሠራ አሳይቷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ ያለው እዚያው መካነ ሰላም ነው። ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ በገበያ ቀን ወጥታችሁ ደላላው አጠገብ ቁሙ፤ ምን እንደሚጠይቅ፣ መቼ እንደሚሸመግል፣ ዋሱን መቼ እንደሚጠራ ጻፉ። ከዚያ ያን ጨዋታ ሥሩልን።