ማሽንም ሰንበት ያክብር!

በጀርመን አገር ሰንበት የሚከበረው በቄስ ግዝት ሳይሆን በሕገ መንግሥት ነው። ከ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት እንዳለ ተወስዶ በ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ ውስጥ የገባ አንቀጽ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) እሁድን ከሥራ የሚታረፍበት፣ መንፈስም ከፍ የሚልበት ቀን ብሎ ደንግጎታል። እኛ ቅዳሜንም እሁድንም ሰንበት ብለን ስናበቃ ከቅዳሴ መልስ ሽንኩርት የምናስመዝን ሕዝብ ስለሆንን ይህን ከፍታ አልታደልነውም። አዲስ አበባማ ጭራሽ «የእሁድ ገበያ» ብላ አረፈችው።

እዚህ ፍራንክፈርት እሁድ ጠዋት ድንገት እንግዳ መጣብኝ። ዶሮው አለ፣ በርበሬው አለ፣ ሽንኩርት የለም። የሰፈሬ ሱፐርማርኬት ተዘግቷል። በመስታወቱ ሳይ ሽንኩርቱ በቀይ መረብ ተቋጥሮ ተደርድሯል፤ እሱም መንፈሱን ከፍ እያደረገ ነው።

ደግነቱ ሕጉ ለመንገደኛ ይራራል። የባቡር ጣቢያ ሱቅ እሁድም ይሸጣል። ሕጉ ለመንገድ የሚሆነውን ሲዘረዝር ምግብንም ይፈቅዳል፣ መጠኑ ትንሽ ከሆነ። የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ትንሽ መጠን የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ባዶ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ዋናው ጣቢያ ሄድኩ። የሚጠይቀኝ ካለ 3 ኪሎ ሽንኩርት ይዤ ሃምቡርግ ልሄድ ነው። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅና 2 ሊትር ዘይት ታቅፏል። መንገዱ ሩቅ ሳይሆን አይቀርም።

በጀርመኖች የሰንበት ጽናት የሚቀልድ ሰው የፉልዳ ከተማን ጉድ ይስማ። ሻጭ የሌለበት፣ ደንበኛው ራሱ ስካን አድርጎ ከፍሎ የሚወጣበት ትንሽ ሱቅ እሁድ ከፍቶ ተገኘ። ጉዳዩ የሄሰን ክፍለ ግዛት ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ደረሰና በ2023 መጨረሻ ይዘጋ ተባለ። እሰይ! ያ የካርድ ማሽን ስድስት ቀን ሙሉ «ጢጥ» ሲል ከርሞ በሰባተኛው አይረፍ? የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ግን ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሕጉን አሻሽሎ እንዲህ ያሉትን ሱቆች ፈቀደላቸው። ምስኪን ማሽን፣ ሰንበቱን ተቀማ።

ወደ ሰልፌ ልመለስ። ተራዬ ደርሶ ቀና ስል ካሸሯ ያገሬ ልጅ ናት።

«እህትዓለም፣ ያንቺ ሰንበት መቼ ነው?» አልኳት።

የሽንኩርቱን መረብ እያገላበጠች ባርኮዱን ፈለገች፤ ማሽኑ «ጢጥ» አለ።

«የዚህ ሳምንት? ማክሰኞ ነው የደረሰኝ።»